ጆሮን ስለ ማሠልጠን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ሳይሆን ስለ ዜማ እንድናገር መጋበዜ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ምክንያቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ በአንድ የመዘምራን ክፍል የድምፅ ርቀት ልምምድ ሳስተምር መቆየቴ ነው። የምናገረውም በይበልጥ ስለ ስሕተቴ ይሆናል።

በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ለእኛ ለመሐንዲሶች የንዝረት ንጽጽር ነው፤ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ 2 ለ 1፣ ከዶ እስከ ሶል 3 ለ 2፣ ከዶ እስከ ፋ 4 ለ 3። ቁጥሩ እንዲህ ግልጽ ስለ ሆነ ትምህርቱም ቀላል መስሎኝ ኦርጋኑን እየነካሁ፣ ርቀቶቹን አንድ በአንድ ነጥዬ አስደግማቸው ነበር። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ግን ግማሽ ድምፅን ፈጽሞ ሊይዝ አልቻለም፤ ሁልጊዜ ወደ ሙሉ ያሰፋዋል። ከሁለት ወር በኋላ «ጆሮ የለውም» ብዬ ከዘማሪዎች ተራ አውጥቼ ከበሮ እንዲመታ አደረግሁት።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ይኸው ልጅ ደጅ ተቀምጦ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር ሰማሁት። በአምባሰል ከዶ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ በግማሽ ብቻ የሚርቅ ነው፤ ከሶል በላይም እንዲሁ። ልጁ ሁለቱንም ሳያዛንፍ አዜማቸው። ድምፁ በጆሮው ነበረ፤ የጎደለው እኔ በምጠይቅበት ስም ማወቁ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱን ከቅኝት እጀምራለሁ። ኦርጋኑ ይዘጋል፤ አንድ ተማሪ የክራርን አንድ ክር ብቻ ደጋግሞ ይመታል። በመጀመሪያ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ትዝታ ሜጀር፣ ቀጥሎ ሚና ፋ የሚጎራበቱበት ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል፣ በመጨረሻም አንቺ ሆዬ ይዜማል። ተማሪው ድምፅ ከማውጣቱ በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ድምፁን በልቡናው እንዲሰማው ይታዘዛል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ ልጆች ይቸኩላሉ፤ እኔም እቸኩላለሁ።

ትክክል መሆኑን የሚፈርደው መምህሩ ሳይሆን መርገብገቡ ነው። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚነዝር ድምፅና 442 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ አብረው ቢሰሙ፣ በየሴኮንዱ 2 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ተማሪው መርገብገቡ እየዘገየ እስኪጠፋ ድረስ ድምፁን ያስተካክላል። ጄኔሬተርን ከመሥመር ጋር አገናኝቶ የሚያውቅ ባልደረባ፣ አምፖሎቹ ቀስ እያሉ የሚበሩበትንና የሚጠፉበትን ያን ጊዜ ያስታውሳል፤ ነገሩ አንድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኦርጋኑ በዶና በሚ መካከል የሚሰጠው ርቀት ከ5 ለ 4 ንጽጽር በግማሽ ድምፅ 14 በመቶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ያለ መሣሪያ የተስማሙ ዘማሪዎች ከኦርጋኑ ቢለዩ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእነርሱ አይደለም።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ተራው እንዲመለስ ለመንሁት። መጣ፤ ከበሮውን ግን ለሌላ አላስረክብም አለ። አሁን ሁለቱንም ይዟል፤ በአንቺ ሆዬ ከፋ በላይ ያለችውን ግማሽ ድምፅ ብቻ እስከ ዛሬ ከፍ ያደርግብኛል።