ከጓሯችን የሚወርደው ውሃ ደምቢያ ይደርሳል

(የማኅበራችን ጸሐፊ በግንቦት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ሊቀመንበራችን ስለ ቦዩ ጠረጋ ተናገር ብለው ነበር ያዘዙኝ። እኔ ግን ከቦዩ በፊት ስለ ደምቢያ ልናገር ነው። ቦዩንና ደምቢያን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እሱንም ደምቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ስለዚህ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ደምቢያ ማለት ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ ስንወርድ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ነው። ቆላ ድባ ከኛ ቢርቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ አንድ ወረዳ ነበር፤ አሁን ምሥራቅና ምዕራብ ደምቢያ ተብሎ ሁለት ሆኗል። የምሥራቁ ዋና ከተማ ቆላ ድባ ነው፣ የምዕራቡ ደግሞ ጯሂት። እኛ ከተሜዎች ደምቢያን እንደ አንድ ትንሽ ገጠር ነው የምናስበው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ጎንደር ከተማ 207 ሺህ ሰው ሲኖራት ደምቢያ ከ270 ሺህ በላይ ነበረው። ማን ትንሽ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቅና እግር ይውጣል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኛ ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት የምንሄደው ጫማችንን ያለን በእጃችን ይዘን፣ የሌለን ደግሞ ሳንጨነቅ ነበር። ይህ መሬት ግን ውሃ ይይዛል። ገበሬው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ዘሩ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባያይም መሬቱ ያስቀረውን እርጥበት እየጠጣ ያፈራል። በሐይቁ ዳር ያሉት እንደነ አቸራ ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ያርሳሉ። ጤፉ አለ፣ ዳጉሳው አለ፣ በቆሎው፣ ኑጉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው አለ። ቅዳሜ ገበያ የምንሸምተው ሽምብራ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን የሽሮ እህል ምን እንደሚሆን እናቶች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ደምቢያ የሚበላውን ብቻ አይደለም የሰጠን። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ናቸው በ1628 ዓ.ም. ይህችን ከተማ የቆረቆሯት። ሆስፒታሉንም አስቡት። በንጉሡ ዘመን በደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። የአያቴ ወንድሞች በዚያ እንዳለቁ ሲወራ ነው ያደግሁት። ያ እልቂት ምክንያት ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እዚህ ጎንደር ተቋቋመ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ተማሪዎቹ ወርደው ይለማመዱባቸው ከነበሩት ጤና ጣቢያዎች አንዱም የቆላ ድባው ነበር። እንግዲህ ዛሬ ልጆቻችን የሚታከሙበት ቤት መነሻው የደምቢያ ገበሬ ሞት ነው።

አሁን ወደ ቦዩ ልምጣ።

ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው ቦይ ወዴት እንደሚሄድ ስንቶቻችን ተከትለን አይተናል? ቀሃ ነው የሚገባው። ያው ጥምቀት ሲደርስ የፋሲል መዋኛ የሚሞላበት፣ ታቦት የሚወርድበት፣ ተሽቀዳድመን የምንረጭበት ውሃ። ቀሃም ሆነ አንገረብ፣ ሽንታም ጭምር፣ ዞሮ ዞሮ ከመገጭ ነው የሚገቡት። መገጭ ደግሞ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ስለዚህ እኛ በማታ ዝናብ ጠብቀን የምንለቀው ነገር ሁሉ በማግስቱ እንግዳ ሆኖ የሚያድረው በሰው አገር ነው።

አምና ኅዳር ላይ አጎቴ ከደምቢያ ሽምብራ ይዞልኝ መጣ። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ላሚቱ እንዴት ናት ብለው ሞታለች አለኝ። ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን አልበላ አልጠጣ ብላ ነው የሞተችው። ቆዳዋን ሲገፉ ሆዷን ቢከፍቱት ፌስታል ተቋጥሮ እንደ ኳስ ሆኗል። ግጦሹ መገጭ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ውሃው ሲሸሽ ፌስታሉ በሣሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ አጎቴ ስኒውን አስቀመጠና «ለመሆኑ የናንተን ቆሻሻ የምትጥሉት የት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ምክንያቱም የኔም ቤት ፌስታል በዚያው ቦይ ነበር የሚሄደው። ይህንን እዚህ ቆሜ ስናገር አፍሬ ነው፤ ግን ሌላውን ከመውቀሴ በፊት መናገር ነበረብኝ።

የእምቦጩንም ነገር ሁላችሁም በሬዲዮ ሰምታችኋል። ይህ አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ግድም ሲታይ መጀመሪያ የታየው የት ይመስላችኋል? መገጭ ከሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። በውሃ ላይ ተንሳፎ ይኖራል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይነሣል። የሚያፋፋው ውሃ ውስጥ የሟሟ ፍግ ነው፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከተራራው የተሸረሸረ አፈር። ጥፋቱ የኛ የጎንደሮች ብቻ ነው አልልም፤ ገበሬውም ከማዳበሪያው ድርሻ አለው። ግን የኛ ድርሻ የለበትም የሚል ካለ ክረምት ሲገባ ቀሃ ዳር ሄዶ ያሽትተው።

ዘመቻ ተደርጓል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር ያህል ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ነቅሏል። ማሽንም ገዝተው አስገብተዋል። ከዘመቻው በፊትም በኋላም ግን ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል የኖረው የሐይቁ ዳር ገበሬ ነው፤ የሽሽ እርሻው፣ የከብቱ ግጦሽ፣ የዓሣ መረቡ ሁሉ በአረሙ ሥር ገብቶበት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያሉት ኡጋንዳና ኬንያም በማሽንም ሞክረው፣ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛም ለቀው ብዙ ከቀነሰላቸው በኋላ ተመልሶ መጥቶባቸዋል። የሚበላው ምግብ እየወረደለት ምን ብሎ ይጠፋል?

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባላችን «ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፣ ግብር እንከፍላለን» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ እንከፍላለን። የመምጠጫ መኪናም ተጠይቆ ቶሎ እንደማይመጣ፣ ሲመጣም በኛ ጠባብ መንገድ እንደማይገባ አውቃለሁ። ይህንን በደብዳቤ አመልክተናል፤ መልሱን እየተጠባበቅን ነው። ነገር ግን በሌሊት የሽንት ቤት ጉድጓድ ከፍቶ ወደ ቦዩ የሚለቀው ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ስም አልጠራም። ጎረቤት ነን፤ ማን እንደሆነ ባንተያይም በሽታው እንተዋወቃለን። ሰውየው ችግር ኖሮበት እንጂ ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ጉድጓዱ የሞላበት ሰው ለኔ ወይም ለሊቀመንበሩ በግል ይንገረን። ሦስት አራት ቤት ሆነን መኪናውን በአንድ ቀን ብንጠራው የመኪናውን ዋጋ ተካፍለን እንከፍላለን፤ መንገዱ የጠበበውንም ቱቦ አስረዝመን እንሞክራለን። አቅም የሌላቸውን አሮጊቶች በተመለከተ ኮሚቴው ከማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈንላቸው ወስኗል።

የቦዩ ጠረጋ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀመራል። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አካፋ ወይም ዶማ ይዞ። የሚወጣውን ደለልና ላስቲክ እንደ አምናው ከቦዩ አፍ ላይ ቆልለን አንሄድም፤ አምና የቆለልነው በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ገብቷል። ላስቲኩ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ባዶ ከረጢት ያላችሁ አምጡ። ጋሪ ያለው አንድ አባላችን ያለ ዋጋ እስከ መጣያው ሊያደርስልን ቃል ገብቷል፤ ለፈረሱ ገብስ ከኛ ነው። ወጣቶቹ ከቦዩ ጫፍ ላይ የሽቦ መረብ ያስራሉ፤ መረቡን በየሳምንቱ የሚያጸዳ ተረኛ ቤት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ተራ የኔ ቤት ነው።

አጎቴም የማኅበራችንን ነገር ነግሬው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። በነጠላ ጫማ የምትመጡ ግን ጠርሙስ ስብርባሪ አለና ቦት ያለው ጎረቤታችሁን አስቀድማችሁ ተዋሱ።