ግማሹን አልሰጥም ያለችው ዘፋኝ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



ስለ ቁጠባ እንድናገር ነው የታዘዝኩት። እኔ ግን በዘፈን በኩል ልምጣ። ዊትኒ ሂውስተን «ቦዲጋርድ» በተባለው ፊልም ላይ የዘፈነችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የማያውቅ ጥቂት ነው። ግጥሙም ዜማውም ግን የዶሊ ፓርተን የተባለች የካንትሪ ዘፋኝ ነው።

ዶሊ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ቴነሲ ከድሃ ቤት ተወለደች፤ ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። ያዋለዳት ሐኪም የተከፈለው አንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄት ነበር። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችላት ኮት በትምህርት ቤት አሳቀባት። ካደገች በኋላ ያንን ኮት ዘፈን አደረገችው፤ ግጥሙን የጻፈችው በጉዞ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በላውንድሪ ደረሰኝ ላይ ነው። «ናይን ቱ ፋይቭ» የሚለውን ዘፈኗን ስትሠራ ደግሞ ረጃጅም ጥፍሮቿን እርስ በርስ እያፋተገች የታይፕ መኪና የሚመስል ድምፅ አወጣች፤ ያ ድምፅ ሸክላው ላይም ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የመጀመሪያው ዘፈን በ1974 እንደወጣ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ዶሊም ደስታዋን አልቻለችውም። ከዚያ የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ «የዘፈኑን የባለቤትነት መብት ግማሹን ካልሰጠሽ አይሆንም» አላት። እምቢ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ እንዳደረች ራሷ ተናግራለች። ኤልቪስም ዘፈኑን ሳያስቀርጸው ቀረ። በ1992 ዊትኒ ስትዘፍነው ግን በአሜሪካ ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ዘፈኑ በተሸጠና በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የደራሲነቱ ገንዘብ ለዶሊ ገባ።

እህቶቼ፣ «ጎበዝ ናት» ብለን ብቻ አንለፍ። ዶሊ ያን ጊዜ ስሟ የታወቀ ነበር፤ እምቢ ብትል ጦሟን አታድርም። እኔ ግን ራሴ ያወጣሁትን የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ ለአንድ ነጋዴ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሸጥኩት የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው። ወረቀቱንም ሳላነበው ፈረምኩ። ዛሬ ጥልፌን በሰው ቀሚስ ላይ ሳየው «የኔ ነው» ማለት አልችልም።

ቁጠባ ያልኳችሁ ይኸው ነው። ሣጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ ለክፉ ቀን ብቻ አይደለም፤ «ላስብበት፣ ነገ ተመለስ» የምንልበት አቅም ነው።

ዛሬ ከሻይ በኋላ የምንወያይበት ውል ንድፎቻችንን ጠቅልሎ የሚገዛ ነው። አትሽጡ አልልም። ግን ከመፈረማችን በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከመካከላችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ፤ ያልሰሙትን እንዳይፈርሙ። የዶሊም አባት ማንበብ አያውቅም ነበር። እሷ በ1995 ለእሱ ክብር ስትል ለሕፃናት መጽሐፍ በነፃ ማደል ጀመረች፤ እስከ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ታድለዋል።

እኛ ዛሬ በአንድ ውል እንጀምር። ማን ያንብብልን?