የጨጓራ መድኃኒትና የአልኮል መጠጥ

በካኩማ የስደተኞች መጠለያ በሬዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጨጓራ መድኃኒትና ስለ አልኮል መጠጥ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥነው በየቤቱ ስንዞር አንድ አባባል ደጋግመን ስለምንሰማ ነው። «ኦሜፕራዞሌን ውጬ ከጠጣሁ ጨጓራዬ ምንም አይለኝም» ይባላል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ የሰው ሕይወት ሊያጠፋም ይችላል። ምክንያቱን አንድ በአንድ እናያለን።

ለመሆኑ የጨጓራ አሲድ ምንድን ነው?

ጨጓራችን የበላነውን ለመፍጨት የሚረዳ ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። ይህ አሲድ ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገቡ ብዙ ጀርሞችንም ይገድላል። ታዲያ አሲዱ ጨጓራውን ራሱን የማይበላው ለምንድን ነው? የጨጓራው የውስጥ ግድግዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ስለተሸፈነ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ወይም ሲላጥ አሲዱ ሥጋውን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት ይመጣል። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ቁስለት ይሆናል።

ይህን ሽፋን በተለይ የሚጎዱ ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው አወጡት፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስለት ከሐሳብና ከጭንቀት የሚመጣ ይመስል ነበር።

2ኛ. እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው።

3ኛ. የዛሬው ርዕሳችን የሆነው የአልኮል መጠጥ ነው።

መጠጥ ጨጓራ ውስጥ ምን ይሠራል?

እንደ አረቄና ቻንጋ ያሉ ብርቱ መጠጦች የጨጓራውን ሽፋን በቀጥታ ያቆስላሉ። እንደ ቢራና ወይን ያሉት ደግሞ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። ስለዚህ «አረቄ ትቻለሁ፣ አሁን የምጠጣው ቢራ ብቻ ነው» የሚል ሰው ጨጓራውን አሳርፏል ማለት አይደለም። ከዚህም በተጨማሪ መጠጥ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ያላላዋል። ጠጥቶ የተኛ ሰው ሌሊት ደረቱን የሚያቃጥለው፣ ኮምጣጣ ነገርም ወደ አፉ የሚመጣበት በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቶቹስ ምን ያደርጋሉ?

የጨጓራ አሲድ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን።

ሀ) አንታሲድ፦ የሚታኘከው ክኒን ወይም ነጩ ሽሮፕ ነው። ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም አለበት። ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ በደቂቃዎች ውስጥ ያረክሰዋል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ብዙ አይቆይም። መጠጡ የሚያደርሰውን ቁስል አያስቀርም።

ለ) ሲሜቲዲን፣ ራኒቲዲንና ፋሞቲዲን፦ እነዚህ የሚመነጨውን አሲድ ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጠጣነው አልኮል ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ጥቂቱን ጨጓራችን ራሱ ይሰባብረዋል። ሲሜቲዲንና ራኒቲዲን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህን ሥራ ያዳክሙታል። በመሆኑም ያው ሁለት ብርጭቆ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ያለ አልኮል ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል። ጭማሪው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ በሁሉም ሰው ላይም አይታይም። ሆኖም ቦዳ ቦዳ ለሚነዳ ወይም በስለት ለሚሠራ ሰው ትንሹም ቢሆን መታሰብ አለበት። ፋሞቲዲን ይህን ጠባይ አላሳየም። ራኒቲዲንን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል ንጥረ ነገር ስለተገኘበት ከገበያ እንዲነሣ ጠይቆ ነበር። ከድሮ የተቀመጠ ራኒቲዲን በቤታችሁ ካለ ሳትውጡት በፊት ለጤና ሠራተኛ አሳዩ።

ሐ) ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ፦ አሲድ የሚረጩትን ጥቃቅን ፓምፖች ይዘጋሉ። ኦሜፕራዞል በደም ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን ከፍ አያደርግም። ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ኦሜፕራዞል ቁርስ ከመብላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ተብሎ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ማታ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄዱ አንድ ክኒን መዋጥ ብዙም አይረዳም። ሁለተኛና ዋናው ነገር፣ መድኃኒቱ የሚቀንሰው አሲዱን እንጂ መጠጡን አይደለም። አልኮሉ ሽፋኑን መላጡን ይቀጥላል። የሚጠፋው የማቃጠል ስሜቱ ነው።

ወገኖቼ፣ ሕመም ጠባቂ ነው። ጠባቂውን ዝም አሰኝቶ ቤቱን ከፍቶ መተው ተገቢ አይደለም። ሕመሙ ዝም አለ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም። ሳያመው የሚደማ ቁስል አለ።

ባክቴሪያውን ለማጥፋት መድኃኒት የታዘዘላችሁ

ምርመራ ተደርጎ ባክቴሪያው ሲገኝ፣ ኦሜፕራዞል ከሁለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎቻችን ፍላጂል የምንለው፣ ሊሆን ይችላል። ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ መጠጣት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማስመለስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል። ስለዚህ መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ እስከ 3 ቀን መጠጥ አትቅመሱ።

አንዳንዱ ደግሞ «ቅዳሜ ስለምጠጣ ክኒኑን ለዛሬ ልለፈው» ይላል። ይህ የባሰ ነው። ክኒን እየተዘለለ ሲወሰድ ባክቴሪያው አይሞትም፤ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት አይሠራለትም። ሁለት ሳምንት ታግሦ መጨረስ ይሻላል።

ሌላው ስህተት በማግሥቱ ራሳችንን ሲያመን በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ነው። መጠጥ ባቆሰለው ጨጓራ ላይ እነዚህ ሲጨመሩ ለመድማት ያጋልጣሉ። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፤ ነገር ግን አዘውትሮ ብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበቱን ሊጎዳበት ስለሚችል ጠይቆ ይውሰድ።

ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል የምትመጡባቸው ምልክቶች

• ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፤
• እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ (የደም ማነስ ክኒን የምትወስዱ እናቶች ሰገራችሁ በክኒኑም ሊጠቁር ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩ)፤
• ድንገት የሚመጣ ከባድ የሆድ ሕመምና የሆድ መድረቅ፤
• ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ላብ ላብ ማለት።

እነዚህ በሌሊትም ቢመጡ ጎረቤት ቀስቅሱ፤ «ይንጋልኝ» አትበሉ። ምግብ ለመዋጥ መቸገርና ያለ ምክንያት መክሳት ካለም በዚያው ሳምንት ለመታየት ኑ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስትታከሙ እውነቱን ተናገሩ። «ትጠጣለህ ወይ? ምን ያህል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ አፍራችሁ «አልጠጣም» ካላችሁ፣ ሐኪሙ የማይስማማችሁን መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ አንሳለሁ፤ አባቴ የሚሆኑ ሰዎችን ስለ መጠጥ ስጠይቅ ለወቀሳ አይደለም፤ ለመድኃኒቱ ብዬ ነው። የሕመምተኛ ምስጢርም ይጠበቃል።

ሁለተኛ፣ ቁስለቱ እስኪድን ድረስ መጠጥ ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ሐኪም ሳይጠየቅ የሚበጅ «ትንሽ» የለም።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን በአንድ ቀን በድንገት አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መቃዠት፣ ከዚያም ሲያልፍ የሚጥል ሕመም ሊመጣበት ይችላል። መጀመሪያ ወደ ክሊኒክ ይምጣ፤ በእርዳታ ማቆም ይቻላል።

አራተኛ፣ ከጎረቤት ክኒን አትዋሱ፤ ስሙ ያልተጻፈበትን ክኒንም ከሱቅ በፍሬ አትግዙ። የማቃጠል ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ማስታገሻ እየገዙ ከመቆየት መመርመር ይሻላል።

በመጨረሻም ለቤተሰብና ለጎረቤት አንድ ቃል አለኝ። በስደት ላይ መጠጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሐሳብና በሥራ ማጣት በኩል ነው። የሚጠጣውን ሰው በሰው ፊት ከማዋረድ ይልቅ «ና አብረን ክሊኒክ እንሂድ» በሉት። በዚያ አንድ ቃል የሚተርፍ ሰው አለ።

ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት። ለዛሬ በዚሁ እናበቃለን።