ሞተ የተባለው ራውተር
(በማኅበራችን የሐሙስ ንግግር ሰዓት ለተማሪዎችና ለመምህራን የተነገረ)



ይህ ንግግር በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «ሊኑክስን በትንሽ የኔትዎርክ መሣሪያ ላይ ስለ መጫንና ብልሽቱን ስለ መፈለግ» ተብሎ ተጽፏል። ርእሱን የሰጠሁት እኔ ነኝና ልክደው አልችልም። እውነተኛው ነገር ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር የጥናት ክፍላችን ራውተር ሥራውን ሲያቆም፥ በአንድ ጓደኛችን ላይ አንድ ቃል ተናግሬ ነበር። ቃሉ ሐሰት ነበረ፤ ሐሰትነቱንም የነገረኝ ያው ሞተ ያልሁት መሣሪያ ነው። ያን ጊዜ የተናገርሁት በብዙ ሰው ፊት ስለ ነበረ፥ ዛሬም በብዙ ሰው ፊት መናገር ይገባኛል። ለሊኑክሱ ሲሉ የመጡትም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

በመጀመሪያ ስለ ሣጥኑ ልንገራችሁ። ቲፒ-ሊንክ የሚባል ፋብሪካ የሠራው ቲ ኤል-ደብሊው አር 841 ኤን፥ ዘጠነኛ እትም ነው። ሁለት አንቴና አለው፤ ስፋቱ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም። በውስጡ ግን እንደ ማናቸውም ኮምፒዩተር አሳቢ ክፍል አለው፤ 32 ሜጋባይት ራም አለው፤ መብራት ቢጠፋም የማይረሳ 4 ሜጋባይት ፍላሽ አለው። አራት ሜጋባይት ማለት እኮ ዛሬ በእጅ ስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ የሚይዘው ቦታ ነው! በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ መሣሪያውን የሚያስነሣው ቡትሎደር፥ የሊኑክስ ከርነል፥ ሌሎቹም ፕሮግራሞች ሁሉ መኖር አለባቸው። በመጨረሻው ጥግ ላይ ደግሞ አርት የሚባል 64 ኪሎባይት ክፍል አለ፤ በውስጡ ያለው የራዲዮው ልክ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው የተለካ ስለሆነ ከሌላ ሣጥን ተበድረው የሚተኩት አይደለም። «ፍላሹን ሁሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር» የሚል መካሪ ቢያጋጥማችሁ ይህን አስቡና እምቢ በሉት።

ሣጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ፕሮግራም ነበረው። እኛ ያንን አውጥተን ኦፕን ደብሊው አር ቲ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንበት። ተማሪ የራውተርን ሆድ ከፍቶ ለማየት የበቃበት ታሪክ አጭር ነው። ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ላይ ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የተባለውን ራውተር ለገበያ አቀረበ። በ2003 ሰዎች ውስጡን ቢመረምሩ ሊኑክስ ሆኖ አገኙት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን ለሌላ የሚያከፋፍል ሁሉ ምንጩንም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነውና፥ በዚያው ዓመት ምንጩ ወጣ። ኦፕን ደብሊው አር ቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያ ተነሣ፤ የስሙም ጅራት ከዚያ ራውተር የተወሰደ ነው። በ2005 የዚያው ራውተር አምስተኛ እትም ሲመጣ ፍላሹ ወደ 2፥ ራሙ ወደ 8 ሜጋባይት ወረደ፤ ሊኑክስም ወጥቶ ሌላ ሥርዐት ገባበት። የቦታ ጥበት በዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም።

የኦፕን ደብሊው አር ቲ ሰዎችም እንደኛ ያለውን 4 ሜጋባይት ፍላሽ ያለው ሣጥን አትግዙ ይላሉ፤ ከ19.07 እትም በኋላም ለእንዲህ ያለው የተዘጋጀ ፋይል ማውጣት ትተዋል። እኛ መቼ ገዛነው! ከተጣለ ዕቃ ክምር ውስጥ ነው ያነሣነው። ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ ስለማይገናኝ በአሮጌው እትም ረክተን ተቀመጥን።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ያ ጓደኛችን የጥናት ክፍሉንና የጎረቤቱን ክፍል ኮምፒዩተሮች አንድ በአንድ እየዞረ፥ የ27ቱንም የካርድ ቁጥር እየገለበጠ፥ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ አድራሻ በራውተሩ ላይ መዘገበ። ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። እኔ ደግሞ አንድ ምሽት በመስመሩ ላይ ስንት እንደሚያልፍ የምትቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጨመርሁ፤ ከዚያም የኔትዎርኩን ማዋቀሪያ ፋይል ከፍቼ አንድ መስመር አረምሁና አስቀመጥሁ። ስክሪኑ በታችኛው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ነበር። አላነበብሁትም፤ እንቅልፌም መጥቶ ነበር። ኔትዎርኩ ያለ ችግር ይሠራ ነበርና መስኮቱን ዘግቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓደኛችን ሸሚዙን ሊተኩስ ፈልጎ፥ ካውያውን የሚሰካበት ቦታ ቢያጣ የራውተሩን ገመድ ነቀለ። ተኩሶ ሲጨርስ መልሶ ሰካው። ራውተሩ መብራቱን አበራ፤ ነገር ግን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ለኮምፒዩተሮቹ አድራሻ አይሰጥም፤ ሲጠሩት አይመልስም። እኔም በምሳ ሰዓት፥ ጠረጴዛው ሞልቶ ሳለ፥ «እሱ ካውያውን ሲሰካ አቃጠለው» አልሁ። እሱም «እኔ የነቀልሁት ብቻ ነው» አለ። ሰው ግን የእኔን አመነ፤ ምክንያቱም ማታ ይሠራ ነበር፥ እሱ ነቀለው፥ ከዚያ በኋላ አልሠራም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሦስት ቀን ያህል የሠራሁት ሥራ ሥራ አይባልም። ገመድ ለወጥሁ፤ የኮምፒዩተሬን አድራሻ ለወጥሁ፤ የመብራት ማስገቢያውን ለወጥሁ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እየለወጥሁ የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አቃተኝ። ከጀርባው ያለችውንም ቁልፍ ተጫንሁ። ስለዚህች ቁልፍ ቆም ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቁልፏ አንዲት ናት፤ ትርጉሟ ግን እንደ ተጫኑባት ሰዓት ሦስት ነው። መብራት ሲሰጠው ከመጀመሪያው ተጭነው ቢይዟት የሚሰማት ቡትሎደሩ ነው፤ እሱም 192.168.0.66 ከሚባል አድራሻ አዲስ ፕሮግራም ይጠይቃል። ቡትሎደሩ ካለፈ በኋላ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ስትርገበገብ ቢጫኗት ሊኑክሱ ፌይልሴፍ ወደሚባለው የጥንቃቄ አነሣስ ይገባል፤ ይኸውም ሰው የጨመረበትን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ በተጫነው ብቻ ይነሣል። ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ከ5 ሰኮንድ በላይ ቢይዟት ግን የተዋቀረውን ሁሉ ያጠፋል። እኔ ጥንቃቄውን ፈልጌ ከመጀመሪያው ስለምይዛት ቡትሎደሩ በከንቱ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔም «እነሆ፥ ይህም አይሠራም፤ በርግጥ ተቃጥሏል» እል ነበር። ሦስተኛውን መንገድ ያልሞከርሁት 27ቱን አድራሻዎች እንዳላጠፋ ፈርቼ ነው። ስለ ሌላው ጥፋቴ ብትወቅሱኝ፥ በዚህ እንኳ አታሙኝ።

በአራተኛው ቀን አንድ መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «እስከ የት ድረስ ይነሣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይነሣል ወይስ አይነሣም ብዬ እንጂ እስከ የት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እስከ የት እንደሚነሣ የሚናገረው ሲሪያሉ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት በሰሌዳው ላይ አራት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እግር በሶልደር አጣበቅሁባቸው። ከዩ ኤስ ቢ ወደ ሲሪያል የምትለውጥ ትንሽ ካርድ ተዋስሁ፤ በ3.3 ቮልት የምትሠራ መሆን አለባት፤ በ5 ቮልት የምትሠራው ሣጥኑን በእውነት ታቃጥለዋለች። የመሬቱ መስመር ከመሬቱ ይያያዛል፤ የሣጥኑ መናገሪያ ከካርዷ መስሚያ ይያያዛል፤ አራተኛው፥ የኃይሉ መስመር፥ አይያያዝም። ፍጥነቱን 115200 አድርጌ መብራት ሰጠሁት።

ጓደኞቼ፥ ሞተ ያልሁት ሣጥን መናገር ጀመረ። ቡትሎደሩ ስሙን ተናገረ፤ ራሙን ቈጠረ፤ ከርነሉን ፈትቶ አስነሣ፤ ከርነሉም ፍላሹን ከነክፍሎቹ ዘረዘረ፤ መስመር በመስመር ወረደ። የተቃጠለ ነገር እንዲህ አይናገርም። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ብቻ «በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» የሚል መስመር ደጋግሞ ወጣ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወደ ጥንቃቄው አነሣስ መግባት የሚፈልግ አሁን ይጫን የሚለው መስመር ታየ። እንግዲህ ሰዓቱን ራሱ ነገረኝ! እንደ ገና አስነሥቼ፥ ያ መስመር ሲወጣ ቁልፏን ተጫንሁ። ኮምፒዩተሬን 192.168.1.2 ብዬ 192.168.1.1ን ብጠራ መለሰልኝ።

ገብቼ ያየሁት እንዲህ ነው። ሰው የሚጽፍበት ክፍል መቶ በመቶ ሞልቷል፤ የሞላችውም እኔ በዚያ ምሽት የጨመርኋት ቆጣሪ ናት። የኔትዎርኩ ማዋቀሪያ ፋይል በስሙ አለ፤ ልኩ ግን 0 ባይት ነው። ያን ምሽት ሳስቀምጥ ማረሚያው አሮጌውን ጽሑፍ አጠፋ፤ አዲሱን ሊጽፍ ቢል ቦታ አጣ፤ ይህንንም በስክሪኑ ታችኛው ጫፍ ላይ ነገረኝ፤ እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። ኔትዎርኩ እስከ ጠዋት የሠራው ማዋቀሪያው ቀደም ሲል ተነቦ በራም ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ማንም ሰው፥ በማናቸውም ምክንያት፥ መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀን እንዲህ መሆኑ አይቀርም ነበር። መብራት ቢጠፋ የሚወቀሰው መብራቱ ነበር። የደረሰበት ግን ሸሚዙን የተኮሰው ጓደኛችን ነው።

ቦታ ለማስለቀቅ ስነሣም ደግሞ ተሳሳትሁ። ከሊኑክሱ ጋር አብረው የመጡ የማንጠቀምባቸውን ፋይሎች አጠፋሁ፤ ቦታው ግን ምንም አልጨመረም። ምክንያቱን በምሳሌ ልናገር። አንድ የታተመ መጽሐፍ አለ እንበል፤ ሊፋቅ አይችልም። ማረም የፈለገ ሰው ስስ ወረቀት እየለጠፈ በላዩ ይጽፋል። ከታተመው ውስጥ አንድ ቃል ማጥፋት የፈለገም ባዶ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ቃሉ አይታይም፥ መጽሐፉ ግን ይወፍራል እንጂ አይሳሳም። ስኳሽ ኤፍ ኤስ የሚባለው ክፍል የታተመው መጽሐፍ ነው፤ ጄ ኤፍ ኤፍ ኤስ 2 የሚባለው የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ እኛም የቀረን የወረቀት ቦታ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚለቅቀው በኋላ የተለጠፈውን መንቀል ነው። ቆጣሪዋን አወጣኋት፤ ቦታው ተመለሰ። የኔትዎርኩን ፋይል በእጄ እንደ ገና ጻፍሁ፤ ጥቂት መስመር ነው። የ27ቱ አድራሻ መዝገብ በሌላ ፋይል ስለ ነበረ ምንም አልሆነም።

ራውተሩ ሲነሣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበረ። ወደ ጓደኛዬ ክፍል ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። የቱን ያህል ይቆጣ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፥ «ሃያ ሰባቱ አሉ ወይ?» ብቻ አለኝ። አሉ አልሁት። በማግሥቱ በምሳ ጠረጴዛው ላይ ግን ዝም አልሁ፤ ስለ ካውያው ሲቀለድበትም እየሰማሁ ዝም አልሁ፤ ይህ ከመጀመሪያው ቃል ይልቅ የከፋ ነው። ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ እሱም በሦስተኛው መደዳ ተቀምጦ ይሰማኛል።

ሣጥኑ ክዳኑ እንደ ተከፈተ በጥናት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካርዷም እስከሚመጣው ቅዳሜ በእኔ እጅ ናት። ሲናገር መስማት የሚፈልግ ከራት በኋላ ይምጣ። ካውያ የሚሰካበት ሌላ ማከፋፈያ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።