የጭቃ ቤት ዕድሜው በአጥንቱ ነው



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ቤት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን አንዱን ቤት አያት ሠርቶት የልጅ ልጅ ይኖርበታል፤ ሌላው ጥቂት ክረምት እንዳለፈበት ይዘማል። ለምን ይሆን? ቤት በሌሊት ቢወድቅ ሰው ያጠፋል። ባይወድቅም እንደገና ለመሥራት እንጨት ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ የእርሻ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ ይገባናል።

ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡትና ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ አጥንት ያስፈልገዋል። ትልልቁ አጥንት ቋሚውና ማገሩ ነው። ትንንሹ አጥንት ደግሞ ከጭቃው ጋር የምናቦካው ጭድ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያን ጊዜ ጭዱ ወዲህና ወዲያ ይዞ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያደርጋል። አንዷ የጤፍ ጭድ በጣት ትበጠሳለች፤ ብዙ ሆና ግን ግድግዳ ትይዛለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ይህ አጥንት እስከ መቼ ይቆያል? መልሱ አጭር ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይቆያል። በግብጽ አገር ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በተሠሩ የጭቃ ጡቦች ውስጥ ጭዱ ዛሬም ይታያል። አገሩ ዝናብ እምብዛም የማያገኝ ነውና። በአገራችንም በላሊበላ አካባቢ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እንመልከት። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረገ የተሠራ ነው። ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ነው። የተሠራው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይመታውም። እንጨቱ እስከ ዛሬ የመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ከሻጋታ ወገን የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይህ ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 20 እጅ በታች ከሆነ አያድግም። ቋሚ ቶሎ የሚበሰብሰው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ እርጥበትም አየርም አለ። ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ያልቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለም እንዴ?

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ከመሬት ተነሥቶ በጭቃው ውስጥ ተደብቆ ይወጣል። ጥድንና ወይራን እንደ ልቡ አይበላም። ባሕር ዛፍን ግን ይበላል። ጥድና ወይራ ስለተመናመኑ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራው በባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው የግድ ነው።

ሚስማርና ሽቦም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። ብረት በኮንክሪት ውስጥ የሚቆየው ኮንክሪቱ ራሱ ከዝገት ስለሚከላከልለት ነው። ጭቃ ይህ ጠባይ የለውም። ጭቃው ሲርስ ሚስማሩ ይዝጋል፤ ማገሩም ከቋሚው ይላቀቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጨቱ ቅርፊቱ ተልጦ ይድረቅ። ቅርፊት እርጥበት ያዝላል፤ ለነቀዝም መደበቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይነሣ። የቋሚውን ሥር በእሳት መለብለብ የቆየ ልማድ ነው፤ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ይበል። በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ከግድግዳው ሥር አፈርም ሆነ እበት አይከመር።

አራተኛ፣ ምስጥ በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ከታየ ወዲያው ይፍረስ፤ የመጣበትም ይፈለግ።

አምስተኛ፣ የተሰነጠቀው ከክረምት በፊት ጭድ ባለው ጭቃ ይመረግ። የሲሚንቶ ልስን ለዓይን ያምራል። ሆኖም ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ልስኑ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፤ መውጫ ግን ያጣል። እንጨቱም ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

ይህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቅ ነው። እስቲ ግንቦት ሳያልቅ እያንዳንዳችን ቤታችንን እንዙር። ከቋሚው ሥር ያለውን ጭቃ ትንሽ ፈልፍለን እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ እንውጋው። ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ እንጨቱ ሞቷል ማለት ነው። ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ ሳይዘገይ ይተካ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።