የአሮጌዋ ፔጆ የጭስ ፈተና፦ ከቀፊራ የሚነሣ የቃጠሎ ትምህርት



 የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላት መኪና የጭስ ምርመራ ልታልፍ ትችላለችን? ካለፈችስ ማለፏ ምን ማለት ነው? ጥያቄው ለጋራዥ ብቻ የተተወ ይመስላል። እኔ ግን የኬሚስትሪም፣ የመልክዓ ምድርም፣ የፍትሕም ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከቀፊራ ልነሣ። ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት ባጃጁም፣ ታክሲውም፣ የጭነት መኪናውም በሰው መካከል እየተሽሎከሎከ ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሞተሩ እየሠራ ይቆማል። የአንዲት ታክሲ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከመሬት ከአንድ ክንድ ብዙም ከፍ አይልም። ቲማቲሟንና ሽንኩርቷን በሸራ ላይ ዘርግታ መሬት የተቀመጠች ሻጭ ፊቷ ከዚያ ቱቦ ከፍታ እምብዛም አይርቅም። ስለ ጭስ ልኬት ስንነጋገር የምንነጋገረው ይህች ሴት ከጥዋት እስከ ማታ ስለምትተነፍሰው አየር ነው። በሌላ በኩል ያቺ ታክሲ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ናት። ሁለቱንም በአንድነት የማያይ ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ሞተር የፔጆ 404 ነው። ይህች መኪና በፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተመርታለች፤ መልኳን የነደፈላት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የሐረርና የድሬዳዋ ሰው በታክሲነቷ ያውቃታል። ዓለም ግን በእሽቅድምድም ሜዳም ያውቃታል፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች። ባለ ሁለት በርና ጣሪያቸው የሚከፈት የስፖርት ዝርያዎችም ነበሯት። ስለዚህ ጉዳዩ የታክሲ ነጂውን ብቻ ሳይሆን፣ አሮጌ የስፖርት መኪና በጋራዡ አቆይቶ በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት የሚጨነቀውን ባለንብረትም ይመለከታል። የሁለቱም ሞተር የሚታዘዘው ለአንድ ዓይነት ሕግ ነውና።

እነዚህ መኪኖች በከተማችን ይህን ያህል ዘመን መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የባቡሩ መስመር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የብረት ሙያን ለከተማዋ አውርሷል። መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ላይ አስቀርጾ መተካት በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ የተመሠረተው በዚህ ሙያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንግባ። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በግምት 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ካርቦኑ የሚገባውን ኦክስጅን ሳያገኝ ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ግን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። እሳቱ ጨርሶ ሳይያያዝ ከቀረ ደግሞ ቤንዚኑ እንዳለ በቱቦ ይወጣል፤ ይህንን ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን እንለዋለን። የምርመራ መሣሪያው ኢንፍራሬድ ብርሃንን በጭሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከኦክስጅን በስተቀር እያንዳንዱ የሚለካ ጋዝ የየራሱን የብርሃን ሞገድ ስለሚውጥ መጠኑ ይታወቃል፤ ኦክስጅን ግን በሌላ ዘዴ ይለካል። አራት ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሃይድሮካርቦንን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ኦክስጅንን ይነግረናል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። መሣሪያው የመኪናዋን ዕድሜ አይለካም፤ የሚለካው በዚያች ደቂቃ በሲሊንደሩ ውስጥ የተካሄደውን ቃጠሎ ነው። «አሮጌ ስለሆነች ወደቀች» የሚለው አባባል ስለዚህ ሳይንሳዊ መልስ አይደለም። የወደቀችው አየርና ነዳጇ ስላልተመጣጠነ፣ ወይም እሳቷ ስለተቋረጠ፣ ወይም ዘይት ስለምታቃጥል ነው። ሦስቱም የተለያየ ምልክት፣ የተለያየም መድኃኒት አላቸው።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹን የመረጥኋቸው ለትምህርት እንዲያመቹ ነው። አንዲት ካርቡሬተር ያላት መኪና ለምርመራ ቀርባ ካርቦን ሞኖክሳይዷ 6.5 በመቶ፣ ኦክስጅኗ 0.4 በመቶ ሆነ እንበል። ይህ ነዳጅ የበዛበት፣ አየር ያነሰበት ቃጠሎ ነው። ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ የካርቡሬተሩ ብሎን ለዚያች ቀን ብቻ ይጠበቅና ነዳጁ ይቀነሳል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል። ዘዴው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን ሃይድሮካርቦኑ ከሚሊዮን እጅ 1500 ይደርሳል፤ ኦክስጅኑም 4 በመቶ ይሆናል። ለምን ቢባል፣ ነዳጁ ከመጠን በላይ ስለሳሳ እሳቱ አንዳንዴ አይያዝም፤ ሞተሩም ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቱቦው ቀዳዳ ካለውም የውጭ አየር ስለሚቀላቀል ኦክስጅኑ ሲጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል። አራቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ለሚያውቅ መርማሪ ማታለያው ራሱ ምስክር ይሆንበታል።

ትክክለኛው መንገድ ረዘም ይላል፤ ውድ ግን አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የሜካኒኩ ጤና ይታያል፤ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል፣ የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከላል። ቀጥሎ እሳቱ ይታያል፤ ካንዴላዎቹ ይጸዳሉ ወይም ይለወጣሉ፣ የኮንታክት ፖይንቱ ክፍተትና እሳቱ የሚነሣበት ጊዜ ይስተካከላሉ። ከዚያ የአየር ፊልትሮው ይፈተሻል፤ እንደ ድሬዳዋ አቧራማ በሆነ ከተማ የታፈነ ፊልትሮ ብቻውን ቃጠሎውን ሊያበላሽ ይችላልና። የሞተሩ ዘይት ይለወጣል፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት አሮጌ ዘይት ትነቱ ተመልሶ ወደ ሞተሩ እየገባ ልኬቱን ያዛባል። የማርሚታው መገጣጠሚያዎች እንዳያፈስሱ ይታያሉ። ካርቡሬተሩ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ መሣሪያው ቱቦው ውስጥ እያለ። ካርቡሬተሩን አስቀድሞ የሚነካ ባለሙያ የሌላውን ክፍል ጥፋት በካርቡሬተሩ ሊሸፍን ይሞክራል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ አገራችን ተራራማ በመሆኗ የሚመጣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ወደ 1900፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2350 ሜትር ከፍ ይላሉ። ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ሐረር ስንወጣ የአየሩ ግፊት በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ድረስ ደግሞ በ13 በመቶ ገደማ። ተራ ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ነዳጁን የሚስበው በአየሩ ፍሰት ኃይል ስለሆነ፣ የነዳጁ ድርሻ የሚጨምረው የአየሩ እፍጋት በቀነሰበት መጠን ስኩዌር ሩት ነው። የሙቀቱን ልዩነት ለጊዜው ብንተወው ሐረር ላይ 4 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ትንሽ አይደለም፤ በማለፍና በመውደቅ መካከል ያለው ርቀት ያው ነውና። በቀፊራ አጠገብ በደንብ የተስተካከለች መኪና ደጋ ላይ ስትለካ ልትወድቅ ትችላለች፤ መካኒኩም ባለንብረቱም ሳያጠፉ። ስለዚህ መኪና የምትስተካከለው በምትሠራበት ከፍታ መሆን አለበት፤ መርማሪውም ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሌሎች አገሮች ለአሮጌ መኪኖች ምን ዓይነት ሕግ አወጡ? በብሪታንያ ከነሐሴ 1975 እ.ኤ.አ. በፊት ለተመዘገቡ የቤንዚን መኪኖች የጭስ ምርመራው በዓይን ብቻ ነው። ከዚያ እስከ 1986 አጋማሽ ለተመዘገቡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ4.5 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን ከሚሊዮን እጅ 1200 እንዳይበልጥ ተወስኗል። በካሊፎርኒያ ደግሞ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው። በእነዚህ አገሮች ሕግ ፔጆ 404ን የሚያስጨንቃት ነገር እምብዛም የለም። ነገር ግን ይህን ሕግ እንዳለ መቅዳት ለእኛ አይበጅም። በዚያ አሮጌ መኪና በአብዛኛው የእሑድ ጌጥ ናት፤ በእኛ አገር ግን ከጥዋት እስከ ማታ በገበያ መካከል የምትሠራ የሥራ መሣሪያ ናት። ነፃ ብናደርጋት ዋጋውን የምትከፍለው መሬት የተቀመጠችው ሻጭ ናት።

ተቃራኒውም መንገድ፣ ማለትም በዕድሜ ብቻ ማገድ፣ ቀላል መልስ አይደለም። አገራችን በ2012 በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን በከፍተኛ ታክስ ገድባለች። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወስና ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን አዙራለች። አቅጣጫውን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ በር ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ቀድሞ ቤት የገባውን አይነካም፤ እንዲያውም ምትክ ማግኘት ሲከብድ ያለው መኪና ዕድሜው ይረዝማል። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። በመካከሉ ያለውን ዘመን የምንተነፍሰው እኛ ነን።

ከዚህ ላይ ለሐቅ ስል አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ምርመራ ያለፈች አሮጌ መኪና ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። ካታላይዘር የላትም፤ የቱንም ያህል ብትስተካከል ደህና ካታላይዘር ካላት ዘመናዊ መኪና አብልጣ ትበክላለች። የፒስተን ፋሻዋ አልቆ ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ መኪናም በካርቡሬተር ብሎን አትድንም፤ ሞተሯ መታደስ ወይም ማረፍ አለበት። ማለፍ ማለት መኪናዋ አቅሟ በሚፈቅደው ምርጥ ሁኔታ ላይ ናት ማለት ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ6 ወደ 2 በመቶ ማውረድ ከዚያ ቱቦ የሚወጣውን መርዝ ወደ ሲሶው ማውረድ ነው። በተጨማሪም ሳይቃጠል በቱቦ የሚወጣው ነዳጅ የባለንብረቱ ገንዘብ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የታክሲ ነጂውና የገበያዋ ሻጭ ጥቅም አንድ ይሆናል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረቱን ጥለዋል። በዚያ ላይ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአራቱም ጋዞች ንባብ ለባለንብረቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ «ወድቀሃል» የሚለው ቃል መካኒኩን የት እንደሚጀምር አይነግረውም፣ አራት ቁጥሮች ግን ይነግሩታል። ሁለተኛ፣ ለወደቀች መኪና አስተካክሎ ለመመለስ የሚበቃ አጭር ጊዜ ይሰጥ፤ ምርመራው የሚያግድ በር ብቻ ሳይሆን ወደ ጥገና የሚመራ ሐኪም ይሁን። ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎች ለከተማው መካኒኮች በሮቻቸውን ይክፈቱ። መሣሪያው በእኛ ዘንድ አለ፤ እጁ በእነርሱ ዘንድ አለ። ቫልቭን በጆሮው የሚያስተካክል ባለሙያ የጋዝ ንባብን ለመረዳት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም፤ ተማሪዎቻችንም ከእርሱ የሚማሩት ከመጽሐፍ የማያገኙትን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ የኤሌክትሪክ ሞተር መሐንዲሶች ትሆናላችሁ፤ በዚህ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን በዚህ ወር አራት ጋዝ የሚለካውን መሣሪያ ይዛችሁ፣ ባለንብረቱን አስፈቅዳችሁ የአንዲት ታክሲን ጭስ ለኩ። ቁጥሮቹን መዝግቡ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ጻፉ፤ ከመካኒኩም ጋር ተወያዩ። ተስተካክላ ስትመለስ ደግማችሁ ለኩ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው የማይተነፍሰው መርዝ ነው።