በኪራይ ጎታችና በተሳቢ መካከል ስላለው ኃላፊነት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



አንድ ነጋዴ ጎታቹን መኪና ከአንድ ባለንብረት ተከራይቶ፣ ተሳቢውን ከሌላው አምጥቶ፣ የሦስተኛ ሰው ጭነት ቢያጓጉዝ በራሱ የሚያስወቅስ ነገር የለበትም። መኪናው ባለቤት አለው፤ ተሳቢውም ባለቤት አለው፤ ጭነቱም እንዲሁ። ሁለቱን የሚያያይዘውን መጋጠሚያ የመመርመር ግዴታ ግን የማን ነው? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1000 ሜትር ሲወርድ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ወደ 390 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት በሙቀት መልክ መወገድ ይኖርበታል። ይህ ሙቀት ከ1100 ሊትር የሚበልጥ ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከፊሉን ሞተሩ፣ ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የተሳቢው ፍሬን ድርሻውን ካልሠራ ደግሞ ጎታቹ የሁለቱንም ሸክም ይሸከማል፤ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስም ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ ከመስመር ሊያስወጣው ይችላል።

በአየር ፍሬን የሚሠራ ተሳቢ ከጎታቹ ጋር በሁለት ቱቦዎች ይገናኛል። አንደኛው አየር ያቀብላል፤ ሁለተኛው ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። አቀባዩ ቱቦ ቢበጠስ የተሳቢው ፍሬን በራሱ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ሸራው ላለቀ ተሳቢ ግን ይህ ጥበብ አይረዳውም። የትእዛዙ ቱቦ በትክክል ሳይገጠም ቢቀርም ሾፌሩ በሜዳው መንገድ ላያስተውለው ይችላል፤ ጎታቹ ብቻውን ሁለቱንም ያቆማቸዋልና። ጉድለቱ የሚገለጠው ቁልቁለት ላይ ነው።

አንድን መኪና ለረጅም ጊዜ የነዳ ሾፌር ፍሬኑ መቼ እንደተስተካከለና የትኛው ጎማ እንደሳሳ ያውቃል። በኪራይ ጊዜ ይህ እውቀት ከአከራዩ ግቢ ሳይወጣ ይቀራል። ባለመኪናው ተሳቢውን አላየውም፤ ባለተሳቢው መኪናውን አያውቀውም፤ ተከራዩም ሁለቱን ደኅና ናቸው ተብሎ ተረክቧል። እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያምናል፤ በመካከሉ ማንም ሳያየው ጉዞ ይጀመራል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በቁጥር 2082 ደግሞ ተሽከርካሪውን ለግል ጥቅሙ የያዘ ሰው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ ተከራዩ «ንብረቱ የኔ አይደለም» በማለት ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም። ሆኖም ሕግ ካሣ ያስከፍላል እንጂ የሚንደረደር መኪና አያቆምም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መፍትሔው ከጉዞ በፊት መገኘት አለበት።

መፍትሔውም ከባድ አይደለም። መኪናና ተሳቢ ሲገጣጠሙ አከራዮቹ ወይም ወኪሎቻቸው፣ ተከራዩና ሾፌሩ በአንድነት ይገኙ። የጎታቹ የመሳብ አቅም ከተሳቢውና ከጭነቱ ክብደት ጋር ይመዛዘን፤ የመጋጠሚያው መቆለፊያ፣ ሁለቱ ቱቦዎች፣ የመብራቱ ገመድና ጎማዎቹ ይታዩ፤ የተሳቢው ፍሬን በዝግታ ጉዞ ለብቻው ይፈተን። የታየው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ይፈረምበት። ከሁሉም በላይ፣ ጉድለት አይቶ «አልነሣም» ያለ ሾፌር የቀኑን አበል እንዳያጣ በኪራይ ውሉ ውስጥ በግልጽ ይሥፈር። ከፈራሚዎቹ ሁሉ ቁልቁለቱን የሚወርደው እርሱ ነውና።